አንድ ግልገል ያለበት ፎቶግራፍ

አትላንታ፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ክረምቱ ሳይገባ ጣራው ተጠገነ ወይ? ቀኝ ዓይኔ ያለቅሳል ያልሽኝስ ቀለለሽ? እኔ ለጤናዬ አምላክ ይመስገን፣ አንድም አልሆንሁም። ሙቀቱ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ፤ እዚህ ሰኔ ሲገባ ሰው እንደ ቂጣ ነው የሚጋገር። በይ ሰላምታዬን ለሰፈሩ ሁሉ፣ ለአበዛሽም ለብቻዋ፣ በየደጁ አድርሺልኝ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልሰደድሁትም። በፖስታ የሚሄደውን ከአንቺ በፊት የሚያነበው ብዙ ነው። ያመጣችልሽ ወይዘሮ ጥሩሰው ናት፤ የአዘዞ ልጅ፣ እዚህ ከኔ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን የምትስም። እናቷ ታመውባት ነው የመጣችው። እሷ እንደኔ በእግሯ ድንበር አላቋረጠችም፣ ስለዚህ መመለስ አያስፈራትም። ደብዳቤውን እሷው ራሷ ታንብብልሽ። ልጅቷን፣ የምሥራችን፣ ሱቅ ላኪያት፣ ወይ ውሃ ትቅዳ። እስከ ዛሬ የኔን ደብዳቤ የምታነብልሽ እሷ እንደሆነች አውቃለሁ። መሠረተ ትምህርት ገብተሽ፣ ምስክር ወረቀት ተቀብለሽ፣ ዛሬም ፊደሉ ጉንዳን ይመስለኛል እንደምትይ መቼ ጠፋኝ። ይህን ግን ከጥሩሰው አፍ ስሚው። ሄደች? በሩን ዝጊውና ተቀመጪ።

ባለፈው ደብዳቤዬ ሥራ ቀየርሁ ብዬሽ ምን እንደሆነ ሳልነግርሽ ቀረሁ። ትስቂብኛለሽ ብዬ ነው። እታለም፣ እህትሽ አሜሪካ ድረስ መጥታ ሥራዋ የአውሬ ልጅ መቁጠር ሆነ።

ዳውንታውን መኪና ማቆሚያ ቲኬት እቆርጥ እንደነበር ታውቂያለሽ። እዚያው ፎቅ ላይ ከአውሮፕላን የተነሣ ፎቶግራፍ የሚመረምር ትንሽ ቢሮ አለ። እዚያ የምትሠራ ሚስስ ሩት የምትባል ዕድሜዋ የገፋ ሴት፣ አቮንዴል እስቴትስ ከሚባል ሰፈር እየነዳች የምትመጣ፣ ማታ ስትወጣ ዛሬ ስንት መኪና ገባ ብላ በጨዋታ ትጠይቀኝ ነበር። እኔም ቲኬቱን ሳላይ እነግራታለሁ። አንድ ቀን አስቆጥራ ልክ ሆኖ ብታገኘው፣ ነይ ዓይንሽን ልፈትነው አለችኝ። ፈተናው ጥቁር መሬት ላይ የተበተነ ነጭ ነጠብጣብ ነው። ምስር ስለቅም ላደግሁ ለኔ ምን አላት። በሳምንቱ ተቀጠርሁ።

እንስሳው ሲል ይባላል። ባሕር ውስጥ ይኖራል፤ ፊቱ የውሻ ነው፣ እጅና እግሩ የዓሣ ክንፍ ይመስላል። ኦሪት ላይ የድንኳኑ መደረቢያ የአቆስጣ ቁርበት ይሁን ይል የለም? የቤተ ክርስቲያናችን አባ ኃይለመስቀል ያ ይኸው ሳይሆን አይቀርም አሉኝ፤ እሳቸውም ግን አላዩትም። ሰው ለቆዳውና ለስቡ ብሎ አርዶ አርዶ ሊጨርሰው ጥቂት ሲቀረው ሕግ ወጣና መግደሉ ቀረ። አሁን እንግዲህ እያገገመ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለማወቅ በየዓመቱ ይቆጠራል። ትልልቆቹን መቁጠር አይሆንም፤ ገሚሱ ባሕር ውስጥ ነው። ግልገሎቹ ግን ዋና እስኪችሉ ድረስ ነጫጭ ሆነው በተወለዱባት ደሴት ላይ ይጋደማሉ። ስለዚህ የሚቆጠሩት እነሱ ናቸው። ስንት እናት እንዳለ የሚታወቀው በልጆቹ ነው።

ሚስስ ሩት ይህን ስታስረዳኝ፣ እናትየዋ ሁለት ሳምንት ከምናምን አጥብታ ትታው ባሕር ትገባለች አለችኝ። ትመለሳለች ወይ አልኋት። አትመለስም አለች። እንግዲያ ምን ይሆናል ብላት፣ ለብዙ ቀን ይራብና በመጨረሻ ራሱ ወደ ውሃው ይወርዳል አለችኝ። የዚያን ቀን ምሳዬን ሳልከፍተው ይዤው ተመለስሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከሥሩ መብራት የሚበራበት የመስታወት ጠረጴዛ አለ። ፎቶግራፉን ትዘረጊበታለሽ፣ ስስ ላስቲክ ታለብሺዋለሽ፣ በማጉያ መነጽር እያየሽ በያንዳንዱ ግልገል ላይ ቀይ ነጥብ ታደርጊያለሽ። የወፍ ኩስ ያረፈበት ድንጋይ ግልገል መስሎ ያታልላል። ስትጨርሺ ነጥቦቹን ቆጥረሽ ወረቀት ላይ ትጽፊያለሽ። ያንኑ ፎቶግራፍ ሚስስ ሩት ደግሞ ለብቻዋ ትቆጥረዋለች፤ አንዳችን የሌላችንን አናይም። ዓርብ ዓርብ ይመሳከራል።

ታዲያ ስንመሳከር የኔ ሁልጊዜ ያንሳል። ሦስት መቶና አራት መቶ በሚሆነው ላይ የሰው ዓይን ይለያያል ተብሎ ታለፈ። ጥቂት ግልገል ባለበት ላይ ግን ነገሩ ወጣ። እሷ ዘጠኝ ስትል እኔ ስምንት፣ እሷ ስድስት ስትል እኔ አምስት። በሚያዝያ መጨረሻ ሚስስ ሩት አንዱን ፎቶግራፍ አምጥታ ከማጉያው ሥር አደረገችው። ትልቅ ጥቁር አለት ላይ አንድ ግልገል ብቻውን ተኝቷል። እሷ አንድ ብላለች። በኔ ወረቀት ላይ በገዛ እጄ ዜሮ ተጽፏል። ምናልባት አላየሽው ይሆናል አለችኝ፣ እንዳላፍር ብላ ቀስ አድርጋ። አይቼዋለሁ አልኋት። ቀዩ ነጥብም በላዩ አለ። አይቼው፣ ነጥብ አድርጌበት፣ ቁጥሩ ላይ ስደርስ ነው የተውሁት።

እናታችንን አስታወስሽ? ጫጩት እንኳ ስትቆጥር አንዱን ትተወው ነበር። ጭቃ ሹሙ መጥቶ ስንት ልጅ አለሽ ሲላት፣ አራታችን ከኋላዋ ተኮልኩለን እያየን፣ ሦስት ትላለች። ሙሉውን የቆጠረ ሙሉውን ያጣል ትል ነበር። አንዱን ከዓይን ሰውሮ ለፈጣሪ መተው ነው። እኔም መኪና ስቆጥር አልገድፍም፤ መኪና ነፍስ የለውም። ነፍስ ያለው ሕፃን ላይ ስደርስ ግን፣ ወላዲተ አምላክ ምስክሬ ናት፣ እጄ ሳላዘው አንድ ቀነሰ።

ለሚስስ ሩት ይህንኑ ነገርኋት። ትቆጣለች ስል ወደደችው። የኔም አያት ሕፃን መመዘን አትወድም ነበር አለችኝ። ቢሮው ሁሉ ሰምቶ፣ ባህሏ ነው ብሎ ይቅር አለኝ። ብቻ ቁጥሩ ከአምናው ወርዶ ስለታየ፣ ደሴቲቱ ላይ በሽታ ሳይገባ አልቀረም ተብሎ ደብዳቤ ሊጻፍ ተረቅቆ ነበር። በኔ ምክንያት ባልታመመ እንስሳ ላይ በሽታ ሊወራ! ፎቶግራፎቹን፣ ሁለት መቶ አሥራ አራቱን፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና ቆጠርኋቸው።

የቢሮው ደንብ ደግሞ አለልሽ። የተሳሳተ ቁጥር በላጲስ አይጠፋም። ከሥሩ እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ቀን ይገባበታል። ላጲስ ለምን አይሆንም ብላት፣ የጠፋ ነገር እኮ ብርሃን ላይ ሲቀመጥ ይታያል አለችኝ ሚስስ ሩት። እኔም አንድ በአንድ እየሰረዝሁ፣ እየፈረምሁ፣ ሦስት ሳምንት ፈጀሁ። ያን አንዱን ግልገል ለመጨረሻ አቆየሁት።

እታለም፣ ያ ሁሉ ይቅርታ ነው ያሳመመኝ። ከዚያ በፊት ያስጻፍሁት ሌላ ዜሮ አለ፤ እሱን ባህል አላስጻፈኝም።

የሰባት ወር ልጄን ከጀርባዬ ፈትቼ አንቺ ጀርባ ላይ ሳስራት የአባቷ የገሠሠ አርባ ገና አልወጣም ነበር። እሱን የገደሉት እኔንም ይፈልጉኝ ነበር። ስድስት ወር ብቻ ያዢልኝ፣ እንደደረስሁ አስመጣታለሁ አልሁሽ። አንቺም ስለ ጊዜው ምንም አልጠየቅሽኝ፤ አንቀልባውን ብቻ ጠበቅ አድርጊው ነው ያልሽኝ። ይኸው ሰባተኛ ዓመቱን ይዟል።

ገዳሪፍ በገባሁ በማግስቱ ተመዘገብሁ። መዝጋቢው ሱዳናዊ ነው፤ የምታስተረጉመው የኛው አገር ሰው፣ ኤልፍነሽ የምትባል ሴት ናት። ስም፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት ተጠየቅሁ። ልጅስ ሲለኝ የለኝም አልሁ። ቀሚሴ ከደረቴ እስከ ወገቤ በወተት ርሶ ነበር። ኤልፍነሽ አየችው፤ ማየቷንም አየሁ። የላትም ብላ አስተረጎመችለት፣ እሱም ዜሮ ጻፈ፣ እኔም ከሥሩ ፈረምሁ።

ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ ገና ነው፣ ቢሮው ዘገየ፣ ሕጉ ተለወጠ እያልሁ የጻፍሁልሽ ሁሉ ውሸት ነው። የዘገየ ወረቀት የለም፣ የተጠየቀም የለ። መዝገቡ ልጅ የላትም ይላል፤ ለሌለች ልጅ ማን ቪዛ ይሰጣል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ግን ንጋቱን ራሴ ስገፋው ኖርሁ።

ለራሴ የምነግረው ምክንያት ነበረኝ። ከዓይን ልሰውራት ብዬ ነው፣ እናታችን እንዳስተማረችን ነው እል ነበር። አሁን ግን እጄ ሳላዘው ሲቀንስ ምን እንደሚመስል አየሁት፤ የገዳሪፉ እንደሱ አልነበረም። በመንገድ ላይ፣ ባለልጆቹ ብዙ ይቆያሉ፣ ብቻዋን የሆነች ቶሎ ትወጣለች ሲባል ሰምቼ ነበር። ቶሎ መውጣት ፈለግሁ። ይኸው ነው። ከዚህም የባሰ ልንገርሽ፤ ያን ቃል ከተናገርሁ በኋላ ለጥቂት ቀን ቀለለኝ። እንቅልፍ ወሰደኝ፣ እህል በላሁ። እስከ ዛሬ ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርሁት ይህን መቅለል ነው።

ያን አንድ ግልገል ሰርዤ አንድ ብዬ በጻፍሁበት ሳምንት ደብዳቤሽ ደረሰኝ፤ እንደ ወትሮው አንቺ ተናግረሽ የምሥራች የጻፈችው። ከደብዳቤው ጋር የትምህርት ቤት ሥራዋን ቀድዳ ልካልኛለች። በቤታችሁ ስንት ሰው አለ ለሚለው ጥያቄ፣ «ሦስት ነን። እማዬ፣ እኔ፣ አትላንታ ያለችው» ብላ መልሳለች። መምህሩ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ብቻ ብሎ በቀይ ጽፎበት ኖሮ፣ ግድ አልሰጣትም፤ ሦስቱን እንዳለ ትታዋለች። አየሽ፣ እኔ እናቷ ሆኜ ዜሮ ያልኋት ልጅ፣ እሷ መልኬን እንኳ ሳታውቀው ከነመምህሯ ተጣልታ ቆጠረችኝ። ወረቀቱን ይዤ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ነው ያለቀስሁት።

በማግስቱ ፈቃድ ወስጄ ስደተኛ የሚረዳ አንድ ቢሮ ሄድሁ። ሕይወት የምትባል የኛ ልጅ አለች፤ ጴንጤ ናት፣ ደግ ናት፣ ገና ሃያ አምስት አልሞላትም። «ሲስተር፣ ፋይልሽ ላይ ዜሮ ነው የሚለው። አሁን ቼንጅ ካደረግሽው ለምን ዋሸሽ ይሉሻል። ሲትዝንሺፑን እርሺው፣ ግሪን ካርድሽንም ሪቪው ሊያደርጉት ይችላሉ» አለችኝ። ሊመልሱኝም ይችላሉ ወይ አልኋት። ፋይሉን ወደኔ ገፋ አደረገችው። እኔም ዛሬውኑ አስገቢልኝ አልኋት።

የድሮው ቅጽ ቅጂ ፊቴ ነበር። ብዕር አንሥቼ ዜሮውን በአንድ መስመር ሰረዝሁና ከጎኑ አንድ ብዬ ጻፍሁ፤ ፈረምሁ፣ ቀኑንም አገባሁ። ሕይወት ሳቋ መጣ፤ እንዲህ አይደረግም፣ አዲስ ፎርም ነው የሚሞላው አለችኝ። አዲሱንም ሞላሁ። የተሰረዘውን ግን አብረሽ አያይዢልኝ ብዬ ለመንኋት፤ አያያዘችልኝ።

አሁን ብዕሬ የፈራው ቦታ ደረስሁ። ልጅቷ እንድትመጣ የክርስትና ወረቀቷና ከአባቷ ጋር ሦስታችን የተነሣነው ፎቶግራፍ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም አንቺ ሣጥን ውስጥ አሉ። አንድ ሌላ ወረቀት ደግሞ ጥሩሰው ይዛዋለች። «እኔ የዚህች ልጅ እናት አይደለሁም፤ አሳዳጊዋ ነኝ» ይላል። ከሥሩ አንቺ አውራ ጣትሽን ትጫኚበታለሽ።

ሌላ አጻጻፍ የለውም ወይ ብዬ ሕይወትን ደጅ ጠናኋት። የለውም። አንቺን አብሬ ማምጣት ይቻል እንደሆነም ጠየቅሁ፤ እህትን ለማምጣት ዜጋ መሆን ያሻል፣ ዜግነቱ ደግሞ እንዳልሁሽ ነው። እታለም፣ ኩፍኝ ሲይዛት ሌሊቱን ያቀፍሻት አንቺ ነሽ። የመጀመሪያ ጥርሷን ጣራው ላይ ያስወረወርሻት አንቺ ነሽ። የባልሽ ዘመዶች መካን እያሉ ሲያሽሟጥጡሽ ኖረው፣ እማዬ ብላ ስትጠራሽ ሰምተው አፋቸውን የያዙት በሷ ነው። እኔ አሁን የኔን ዜሮ ከራሴ ላይ አንሥቼ አንቺ ላይ ልጽፈው ነው። በደልሁሽ። አንድ ጊዜ ልጄን አሸክሜሽ በደልሁሽ፤ ከለመድሻት በኋላ አውርጂ ብዬ ደግሞ ባሰ በደልሁሽ።

ስለዚህ ካልወደድሽ ጣትሽን አትጫኚ። ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ክተቺው። ሁለተኛ አልጠይቅሽም፤ በእናታችን አጥንት፣ ቅያሜም አልይዝብሽም። የኔ ማስተካከያ እንደሆነ ገብቷል። ብትመጣም ባትመጣም የምሥራች በኔ ስም ተቆጥራለች። ቅጣት ካለው ይምጣ፤ የምቀበለው እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የልጅቷን ወረቀት ቢሮ ይዤው ሄጄ፣ ጽሕፈቷን ጎላ አድርጌ ለማየት ናፍቄ የመብራቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። «አትላንታ ያለችው» ካለች በኋላ ትንሽ ባዶ ቦታ አለ፤ መጀመሪያ ልብ አላልሁትም ነበር። ብርሃኑ ከሥር ሲመጣ ግን በላጲስ የጠፋ ቃል ወጣ። «አክስቴ» ይላል። ጽፋው ነበር፤ ከዚያ አጠፋችው፣ በቦታውም ሌላ ቃል አልጻፈችም።

በየደብዳቤዬ ግርጌ አክስቷ እያልሁ የምፈርመው እኔ ነኝ። ወደኔ እስክትመጣ ድረስ እንዲህ ይሻላታል ብለን የተማከርነውም እኔና አንቺ ብቻ ነን። ሌላ የሚያውቅ የለም። እንግዲህ ያን ቃል ስታጠፋ አጠገቧ ማን ተቀምጦ እንደነበር አልጠይቅሽም። ቀኝ ዓይንሽ ማልቀስ የጀመረው ከመቼ ወዲህ እንደሆነም አልጠይቅሽም።

በይ አሁን በሩን ክፈቺው፤ ልጅቷንም ጥሪያት። ጥሩሰው ጫማዋን ይዛላታለች። በላክሽልኝ ክር ለክቼ ነው የገዛሁት፤ ክሩ ከደረሰኝ አራት ወር ስለሆነው ግን አንድ ቁጥር ጨምሬበታለሁ። የመጨረሻዋን ገጽ ልጅቷ ራሷ ታንብብልሽ፤ ድምጿ በዚያ ቤት መሰማቱን ስትነግሪኝ እኖራለሁ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዓይንሽን ያብራልሽ። ያሳደገ እጅሽ አይዛል፣ የምትጠራሽም አትጣሽ። እኔን ግን እግዜር እንደ ቸርነቱ እንጂ እንደ ሥራዬ አይክፈለኝ።

ከግርጌ እንደ ልማዴ «አክስቷ» ብዬ ጽፌ ነበር። ከታች እንደምታዩት አላጠፋሁትም፤ በአንድ መስመር ሰርዤ፣ ፈርሜ፣ ቀን አግብቼበታለሁ። ከጎኑ የሚጻፈውን ግን ባዶ ትቼዋለሁ። ቃሉን አንቺ ንገሪያት፤ የምሥራች በእጇ ትጻፈው።

ታናሽ እህትሽ